የነዋር ቋጠሮ

ባሌ ዱረይድ ፀጉሩን ካልታጠበ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆኖት ነበር። የታናሽ ወንድሙን የዓምርን ደም ሳይመልስ ራሱን ውሃም ቅባትም እንደማያስነካ በሰው ፊት ምሏል። መሐላው የእሱ ነው፤ ሽታው ግን የሁለታችን ነበር። ጎሣችን የዙፈር ልጆች "ዱረይድ ወንድ ነው፣ ቃሉን ይጠብቃል" እያሉ ሲያሞግሱት፣ እኔ ሚስቱ ረባብ በሆዴ "እስቲ አጠገቡ ተኙና አሞግሱት" እላለሁ።

ዓምርን የገደለው ከጎረቤታችን ጎሣ ከዓውሰጃ ልጆች አንዱ ነው። በግጦሽ ተጣልተው በጦር ወጋውና ወደ ኢራቅ ሸሸ። ገዳዩ ከእጅ ካመለጠ በድሮው ደንብ ከወገኑ ያገኙትን መግደል ነው። አዲሱ ሃይማኖታችን ይህን ከልክሏል፤ ዱረይድም በቀን አምስት ጊዜ ይሰግዳል። ነገር ግን ግንባርን መሬት ማስነካት ቀላል ነው፤ የአባትን ልማድ ከልብ ነቅሎ ማውጣት ነው ጭንቁ።

ነዋር የዱረይድ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ሞቷል። አንድ ልጇ ሒዛም ከሠራዊቱ ጋር ሻም ዘምቷል። እሷ ድንኳኗን ከጉድጓዱ አጠገብ ተክላ ብቻዋን ትኖራለች። ጉድጓዱን የቆፈሩት አባታቸው ናቸው፤ ወንዶቹ ግመል ሲጠብቁ እሷ ከአባቷ ጋር አፈር ስታወጣና ገመድ ስትገምድ አደገች። እሷ የምትቋጥረውን ቋጠሮ በእኛ ሰፈር የሚቋጥረው የለም። ሦስት ጊዜ ዞሮ በራሱ ውስጥ ያልፋል፤ ውሃ ሲነካው ጭራሽ ይጠብቃል። እኔ አሥር ዓመት ሞክሬ አልሆነልኝም። "እጅሽ ለሊጥ እንጂ ለገመድ አልተፈጠረም" ትለኛለች። በምላስ እንደሆነ አንተናነስም።

በእኛ በረሃ የተጠማን ማጠጣት ግዴታ ነው፤ ለውሻም ይሰጣል። ገመድ ማጋባት ግን ሌላ ነገር ነው። የመንገደኛ ገመድ አጥሮ ውሃው ጋ አልደርስ ሲል፣ አንድ ሰው የራሱን ገመድ ከእሱ ጋር ቋጥሮ መቅጃውን ካወረደለት፣ መንገደኛው ጎረቤቱ ሆነ ማለት ነው። ሦስት ቀን በከለላው ሥር ይቆያል። እሱን የነካ ባለ ገመዱን ነካ። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ገመዱን ከማጋባቱ በፊት የእንግዳውን ዘር ይጠይቃል። ዘሩን ካልወደደው በራሱ መቅጃ ያጠጣውና በሰላም ሂድ ይለዋል።

ያን ዓመት ዝናቡ ቀርቶ ውሃው ወደ ታች ሸሽቶ ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ እኔና ነዋር ጉድጓዱ አፍ ላይ ሆነን ውሃ ስንቀዳ አንድ ወጣት በእግሩ መጣ። ግመል የለውም። ከነጭ ሱፍ የተገመደ አጭር ገመድና አንዲት የቆዳ መቅጃ በትከሻው አንጠልጥሏል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ደም ቋጥሯል።

ሰላምታ ሰጠንና ገመዱን ሊያወርድ ሲጠጋ ነዋር አየችው።

"አትድከም፣ ልጄ" አለችው። "ያ ገመድ ለሕፃን መጫወቻ ነው እንጂ ለዚህ ጉድጓድ አይሆንም። ወዲህ በለው፣ ከእኔው ጋር ልቋጥርልህ።"

ወጣቱ ገመዱን ወደ ደረቱ ሳበ።

"መጀመሪያ ስሜን ስሚ፣ እናቴ" አላት። "ማዚን እባላለሁ። ከዓውሰጃ ልጆች ነኝ።"

በእጄ የያዝኩት ስልቻ አመለጠኝ። የቀዳነው ውሃ አሸዋው ላይ ፈሰሰ፤ ማንም ወደ እሱ አልዞረም።

"ዓምርን የገደለውን ሰው ታውቀዋለህ?" አለች ነዋር።

"የአጎቴ ልጅ ነው። እኔ ያን ቀን አልነበርኩም። ብኖር አስጥለው ነበር ብዬ አልዋሽሽም፤ አላውቅም። ጉድጓዳችን ደርቆ ወደ መዲና ስሄድ ግመሌ ሞተብኝ። በራስሽ መቅጃ ሁለት ጉንጭ ካጠጣሽኝ ይበቃኛል፣ መንገዴን እቀጥላለሁ። ገመድሽን ግን ከገመዴ ጋር አታጋቢ። መዘዝ ይሆንብሻል።"

ዓምርን ያሳደገችው ነዋር ናት። እናታቸው እሱን ስትወልድ ሞታ ነዋር በአሥራ ሁለት ዓመቷ እናት ሆነች። የሞተ ዕለት ደረቷን ስትመታ የነበረው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እና ይህን ልጅ ትኩር ብላ ስታየው፣ ወይ ትረግመዋለች ወይ ታባርረዋለች ብዬ ጠበቅሁ።

"ገመድህን አምጣ" አለችው።

"ነዋር፣ አብደሻል?" አልኳት። "ዱረይድ ካየው ያርደዋል።"

"እሱን ፈርቼ እኮ ነው የምቋጥረው።" እጇ ሥራውን ጀምሯል። "ዓምር ሞተ፣ ረባብ። ይሄንን ብናርደው ዓምር አይነሳም። የዚህ ወንድም ደግሞ ነገ ተነስቶ የእኔን ሒዛም ያርደዋል። እኔ አንድ ልጅ ቀብሬአለሁ። ሁለተኛ አልቀብርም።"

ሦስት ጊዜ አዞረችው፣ በራሱ ውስጥ አሳለፈችው፣ ጎተት አድርጋ አየችው። መቅጃውን አወረደችለት። ማዚን ሲጠጣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ሁለተኛውን ለመቅዳት መቅጃውን መልሳ ማውረድ እንደጀመረች ባሌ ደረሰ። ሦስት ሰዎች ከኋላው ነበሩ። በእኛ ሰፈር እንግዳ ፊት ከታየ ወሬው ከፈረስ ይቀድማል።

"የማን ልጅ ነህ?" አለው ዱረይድ።

ማዚን ዘሩን ተናገረ። ውሸት የሚባል ነገር አልተፈጠረበትም፤ እኔ ብሆን የጅን ልጅ ነኝ እል ነበር። ዱረይድ ሰይፉን መዘዘ። ነዋር ገመዱን እንደያዘች በሁለቱ መሀል ገባች።

"ገመዳችን ተጋብቷል፣ የአባቴ ልጅ። ጎረቤቴ ነው።"

ዱረይድ ፊቷን አየ፣ ገመዱን አየ። ከዚያ ሰይፉን ወደ ታች ሰነዘረና ገመዱን ቆረጠው። መቅጃው ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ፣ ከሥር ውሃው ተሰማ።

"የምን ገመድ?" አለ። "እኔ ገመድ አይታየኝም።"

ሦስቱ ሰዎች ግን አልተንቀሳቀሱም። እነሱ እርስ በርስ ሲተያዩ ነዋር የማዚንን እጅጌ ይዛ ወደ ድንኳኗ አስገባችው፤ እሷም በሩ ላይ ቁጭ አለችና ዘነዘናዋን ጭኗ ላይ አጋደመች። "መግባት የሚፈልግ በእኔ ላይ ተራምዶ ይግባ" አለች። የአባቱን ልጅ ተራምዶ የሚያልፍ ወንድ በዙፈር ልጆች መሀል የለም። ድንኳኗን ከበው ቆሙ።

ደግነቱ ከመዲና ዘካ ሊሰበስብ የመጣ ቃዲ በሰፈራችን ነበር። ሐንዘላ ይባላል፤ ጢሙ ገና ያልሞላ ቀጭን ልጅ ነው፣ ግን የተናገረውን አይመልስም ይሉታል። ሽማግሌዎቹ ደም ከመፍሰሱ በፊት እሱ ይስማ አሉ። ከዓስር ሶላት በኋላ በግራሩ ሥር እንድንሰበሰብ ተባለ።

ዱረይድ ወደ ድንኳናችን ገባና ፊት ለፊቴ ቆመ።

"አንቺ ምንም አላየሽም" አለኝ።

"ምነው፣ ዓይኔ ጠፍቷል እንዴ?"

"እኔ ባልሽ ነኝ።"

"እሱንስ አፍንጫዬም አልረሳው።"

"ቀልዱን ተይ፣ ረባብ። ከወንድሜ ደም መካከል አትግቢ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ።"

"እናያለና" አልኩት። ቢሆንም ባል ነው፣ የልጆቼ አባት ነው፤ ሀዘኑም የእውነት ነበር። ያንን ሀዘን በሰው ፊት መቃወም እንደ ክፋት ይቆጠርብኛል ብዬ ፈራሁ።

ግራሩ ሥር ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ነዋር ማዚንን ከጎኗ አድርጋ መጣች፤ የመጎናጸፊያዋን ጫፍ አስይዛዋለች። ዱረይድ መጀመሪያ ተናገረ። ንግግር ይችላል፣ ልቤን የወሰደውም በዚያው ነው።

"ቃዲ፣ እህቴ ርኅሩኅ ናት" አለ። "የተጠማ አየች፣ አጠጣች። እሰየው። ውሃ ለውሻም ይሰጣል። ግን ውሃ ከለላ አይደለም። ከለላ የሚሆነው ቋጠሮ ነው። ቋጠሮ ያየ ሰው ካለ ይቁም።"

ሦስቱ ጓደኞቹ እግራቸውን አዩ። "ርቀን ነበር" አለ አንደኛው። ተነሳሁ።

"እኔ አይቻለሁ" አልኩ።

ወንዶቹ ሳቁ። ዱረይድም ሳቀ፣ ግን ጥርሱን ብቻ።

"ቃዲ፣ ሚስቴና እህቴ አንድ አፍ ናቸው። ሁለቱ እኔን ሲያሙ ነው የሚውሉት።"

"እውነት ነው?" አለኝ ቃዲው።

"ስናማው መዋላችንም እውነት ነው፣ ቋጠሮውም እውነት ነው" አልኩ።

ቃዲው ፈገግታውን በእጁ ሸፈነና ወደ ነዋር ዞረ። "የሒዛም እናት፣ ገመዱን ቋጥረሻል?"

"ቋጥሬአለሁ።"

"ማን መሆኑን ሳታውቂ?"

"ነግሮኛል። እንዳልቋጥርም ለምኖኛል።"

ሰዉ አጉረመረመ። ቃዲው ማዚንን አየው፤ ማዚን አንገቱን ነቀነቀ። ነዋር "ወንድሜን አንድ ነገር ልጠይቀው ይፈቀድልኝ" አለች፤ ተፈቀደላት።

"ዱረይድ፣ በዚህ ድርቅ ገመዴን ለምን ቆረጥክብኝ?"

"ተናድጄ።"

"በምን?"

"ጠላቴን ስላጠጣሽው።"

"ማጠጣቱን እሰየው አልክ እኮ አሁን። ለውሻም ይሰጣል አልክ። ውሻ ሳጠጣ ብታገኘኝ ገመዴን ትቆርጠው ነበር?"

ከሴቶቹ በኩል ሳቅ መጣ። ሽማግሌው ዑቅባ ራሳቸውን ወዘወዙ። አንድ ጥርስ ብቻ የቀራቸው ቢሆንም ያቺው አንዲቷ ነገር ትነክሳለች።

"አንተ ልጅ" አሉት፣ "ሰይፍ የሚያነሳ ሰው ሊለየው የፈለገው ነገር አለ። ካልተጋባ ምኑን ልትለየው ነበር?"

ዱረይድ ፊቱ ቀላ። እዚህ ላይ ዝም ቢል ምናልባት ነገሩ ወደ ነገ ያድር ነበር። ግን ሲናደድ ዝም ማለት አያውቅም።

"ቋጠሮ አልነበረም ብያለሁ" አለ። "ነበር የሚል ያሳየኝ።"

"ጉድጓዱ ውስጥ ነዋ" አለች ነዋር። "መቅጃውን የጣልከው አንተ ራስህ አይደለህም እንዴ?"

ሰፈሩ በሙሉ ተነስቶ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። ሜንጦ በረጅም ገመድ ታስሮ ወረደ። አንዱ ጎበዝ ሞከረ፣ ባዶውን ወጣ። ሁለተኛው ሞከረ፣ ጭቃ አወጣ። ዱረይድ ክንዱን አጣምሮ ቆሞ ነበር። መቅጃው ድንጋይ ሥር ከገባ፣ ወይም ቋጠሮው ከተፈታ፣ ያ ልጅ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሬሳ ነው፤ የነዋርም ቃል ከእሱ ጋር ይቀበራል።

"ወዲያ በሉ" አለች ነዋር። "ይህን ጉድጓድ ከሆዱ ጀምሮ የማውቀው እኔ ነኝ።"

ገመዱን ተቀበለችና በሁለት ጣቷ ያዘችው። አላየችም፣ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ላይ። ከዚያ መሳብ ጀመረች።

መቅጃው ውሃ እያንጠባጠበ ወጣ። ከእሱ ጋር የማዚን ነጭ ገመድ ወጣ። በነጩ ገመድ ጫፍ ላይ ቋጠሮው ነበር፤ ከቋጠሮው በላይ ደግሞ አንድ ክንድ የሚሆን ቡናማ የተምር ቃጫ፣ ጫፉ በሰይፍ የተቆረጠ። ዱረይድ በችኮላ የቆረጠው ከቋጠሮው በላይ ነበር።

ቃዲው ቋጠሮውን በጥፍሩ ሊፈታ ሞከረ፣ አልቻለም። ሽማግሌዎቹ ተቀባበሉት። ዑቅባ በአንዷ ጥርሳቸው ሞከሩና "ይቺንም ልታሳጣኝ ነው" ብለው መለሱት። የማን እጅ እንደቋጠረው መጠየቅ አላስፈለገም። ቃዲው ለዱረይድ ሰጠው።

"አንተ ፍታው" አለው።

ዱረይድ ቋጠሮውን በእጁ አገላበጠው። ነዋር ዓምርን ስታዝል የማዘያውን ጨርቅ የምትቋጥረው በዚሁ ቋጠሮ ነበር። ዱረይድ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ ሕፃኑ ሲያለቅስ ሊፈታው ሲታገል፣ ሳይሆንለት ሲቀር እሷን ሲጠራ፣ ራሱ ነው ያጫወተኝ። አውራ ጣቱን በቋጠሮው ላይ ሲያሽ አየሁት። ለመፍታት አልሞከረም።

"የእሷ ነው" አለና መለሰለት።

ቃዲው ድምፁን ከፍ አደረገ። "በሃይማኖታችን ከምእመናን ታናሽ የተባለው የሰጠው ከለላ ትልቁንም ያስራል። ሴት ብትሰጠውም ያው ነው፤ ይህ ከመልእክተኛው ዘመን ጀምሮ የጸና ነገር ነው። የነዋር ከለላ ጸንቷል። ማዚንን የነካ የዙፈርን ልጆች ሁሉ ነካ። ይህን ሰው የመጠበቅ ግዴታው ያንተም ነው፣ ዱረይድ።"

እልልታውን የጀመርኩት እኔ ነኝ። አልክድም። ሴቶቹ ተቀበሉኝ፤ ግመሎቹ እስኪደነብሩ ድረስ እልልታው ቀለጠ። ነዋር ግን አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም። መቅጃውን አነሳችና "የተቆረጠውን ገመድ ማን ሊቀጥልልኝ ነው?" ብላ ወደ ድንኳኗ ሄደች።

ሦስት ቀን ማዚን ወተትና በሶ እየጠጣ፣ የተጋገረለትን እየበላ ተቀመጠ። ዱረይድ ሦስቱን ቀን ከድንኳኑ ውጭ ዘብ ቆመ። ጦሩን ወደ ውጭ አዙሮ ነው እንጂ ወደ ውስጥ አልነበረም። ከእኔ ጋር ግን አልተነጋገረም። ሰው ሁሉ የሚለውን እኔ ልድገመው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ "ያሳየኝ" ያለው ራሱ ነበርና ማንን ይቆጣ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ማዚን መዲናን ትቶ ወደ ወገኖቹ ሊመለስ ሆነ፤ እስከ ድንበራቸው መሸኘት ነበረብን። ነዋር በግመሏ ተቀመጠች። ማዚን በዱረይድ ግመል ላይ ወጣ፤ ባሌ ሌላ ግመል ተውሶ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ተከተለ። እኔም "ሴት ብቻዋን አትሄድም" ብዬ ከነዋር ኋላ ተፈናጠጥኩ። እውነቱን ለመናገር ቢያስሩኝም አልቀርም ነበር።

ድንበሩ ደረቅ ወንዝ ነው። ከወንዙ ማዶ ሃያ የሚሆኑ ፈረሰኞች ጦራቸውን ነቅንቀው ጠበቁን። ማዚን ተገደለ የሚል ወሬ ደርሷቸው ለደም የወጡ ነበሩ። ዱረይድን ሲያዩ ፈረሶቻቸውን ኮለኮሉ። ማዚን ከግመሉ ዘሎ ወረደና ሁለት እጁን እያውለበለበ ሮጠ።

"በሕይወት አለሁ" እያለ ይጮኻል። "በሕይወት አለሁ፣ አትቅረቡ።"

ከበቡት፣ ነካኩት፣ አንዱ አቅፎት አለቀሰ። ማዚን የሆነውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገራቸው። ጢማቸው የነጣ ሽማግሌያቸው ከፈረሳቸው ወርደው ወደ ነዋር መጡ።

"የሒዛም እናት" አሏት፣ "ወንድምሽን ገድለን ልጃችንን አተረፍሽልን። ከዛሬ ጀምሮ ሒዛም የእኛም ልጅ ነው፤ በየትም ቢያልፍ ከእኛ እጅ አይነካውም። ለዓምር ደም ደንቡ የሚለውን ካሳ ይዘን ደጅሽ እንመጣለን። እርቁ በአንቺ ጉድጓድ አጠገብ ይሁን።"

የነዋር ትከሻ ሲወርድ ከኋላዋ ሆኜ ተሰማኝ። ሁለት ዓመት ተሸክማው የኖረችው ፍርሃት ነው የወረደው። "ኑ" አለቻቸው፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። "ውሃ አለኝ።"

ከዚያ ሽማግሌው ወደ ባሌ ዞሩ። ፊታቸው ተለወጠ።

"አንተ ግን በድንበራችን ላይ ጦር ይዘህ ቆመሃል፣ ዱረይድ" አሉት። "እሷ እንግዳችን ናት፤ በእሷ ስም የመጣ ሁሉ እንግዳችን ነው። በራስህ ስም ከመጣህ ግን የምንነጋገረው በጦር ነው። በማን ስም መጣህ?"

ሃያ ጦር ወደ እሱ ዞረ። ከኋላው ያሉት ሦስት ናቸው። ያን ጊዜ ነው የእውነት የፈራሁት። ባሌን አውቀዋለሁ፤ ከሴት ጥላ ሥር ገባ ከሚባል ጦር ላይ ቢወድቅ የሚመርጥ ሰው ነው። ስንቴ የተናደድኩበት ሰው ነው፣ በዚያች ደቂቃ ግን ከዓለም ሁሉ የምወደው እሱን ነበር። "ነዋር፣ አንድ ነገር በይ" አልኳት በጆሮዋ። ቀጥ ብላ ወደ ፊት ታያለች።

ዱረይድ ጦሮቹን አየ። የእህቱን ጀርባ አየ። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጦሩን መሬት ላይ አጋደመና ከግመሉ ወረደ።

"በነዋር" አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። "በነዋር ከለላ ነው የመጣሁት።"

ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ፤ ጦሮቹ ወረዱ። ነዋር ግን ወደ ኋላ ሳትዞር እንዲህ አለች፦

"አልሰማሁህም፣ የአባቴ ልጅ።"

ዱረይድ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ የእሷ ወገን፣ የእነሱ ወገን፣ በወንዙ ማዶ ያለው ፈረሰኛ ሁሉ እስኪሰማው ድረስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላት።